ሕያው የሰው ስቴም ሴልን በሚያበራ ቀለም መለየት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ላብራቶሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስቴም ሴል ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሴልም መለወጥ የሚችል ሴል ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ፒፔት ለሚይዙ ሰዎች ነው፤ ለላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለሕክምና ላብራቶሪና ለባዮሎጂ ተማሪዎች፣ ለሚያስተምሯቸውም መምህራን። አንዳንዱ መልስ የረዘመው ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ጋ ስለሆነ ነው።

ቀለሙ ስቴም ሴልን ከሌላው ሴል እንዴት ያውቀዋል?

አያውቀውም። ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ይህ ነው። ቀለሙ የሚያየው የሴሉን አንድ ባሕርይ ብቻ ነው፦ የአንድ ኢንዛይም ሥራ፣ ወይም ባዕድ ነገርን ከሴሉ እየቀዳ የሚያወጣ ፓምፕ መኖር አለመኖሩን፣ ወይም በሴሉ ገጽ ላይ ያለን ፕሮቲን ወይም የስኳር ሰንሰለት። ስቴም ሴሉ በዚያ ባሕርይ አጠገቡ ካሉት ሴሎች ስለሚለይ፣ በብርሃኑም ተለይቶ ይታያል።

ያው ባሕርይ ሌላ ሴል ላይ ካለ እሱም ያበራል። የጉበት ሴል፣ ስቴም ሴል ሳይሆን፣ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም በብዛት አለው። ስለዚህ ይህን ኢንዛይም በሚያሳየው ቀለም፣ በአልዴፍሉዎር፣ የበራ ሴል ሁሉ ስቴም ሴል ነው ማለት አይቻልም፤ ማለት የሚቻለው «ይህ ሴል ኢንዛይሙ አለው» ነው። ቀሪውን የሚናገሩት ናሙናው ከየት እንደመጣ፣ ለማነጻጸሪያ የሚሠራው ኮንትሮልና ሁለተኛው ምልክት ናቸው።

ኦሲቲ4 እና ናኖግ የታወቁ ምልክቶች ሆነው ሳለ ሌላ ቀለም ለምን አስፈለገ?

ኦሲቲ4፣ ናኖግና ሶክስ2 ኒውክሊየስ ውስጥ የሚቀመጡ ፕሮቲኖች ናቸው። አንቲቦዲ ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ የሕያው ሴል ሽፋን አያስገባውም። እነሱን ለማየት ሴሉ በ4% ፓራፎርማልዲሃይድ ለ15 ደቂቃ ያህል ፊክስ ይደረጋል (ባለበት እንዲጸና ይደረጋል)፣ ከዚያ ሽፋኑ በዲተርጀንት ይበሳል። ውጤቱ አስተማማኝ ነው፤ ሴሉ ግን ሞቷል።

ሴሉ በሕይወት እንዲቀጥል የሚፈለግበት ሥራ ብዙ ነው። ከአይፒኤስ ሴል (ከተራ የሰውነት ሴል ተመልሶ ስቴም ሴል እንዲሆን ከተደረገ ሴል) የልብ ጡንቻ ሴል ያሳደገ ሰው፣ ሳይለወጡ የቀሩትን ለይቶ ማስወገድ አለበት፤ እነዚያ ቀሪዎች ሰውነት ውስጥ ከገቡ ቴራቶማ የተባለ እጢ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ለመትከል የታሰበን ሴል ደግሞ ገድሎ መፈተሽ ትርጉም የለውም።

የትኛው ቀለም ለየትኛው ስቴም ሴል ነው?

«ስቴም ሴል» ብሎ ቀለም ማዘዝ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ሦስቱን እንለይ።

ወደ ማንኛውም ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችሉት (ፕሉሪፖተንት የሚባሉት)፣ ማለትም የፅንስ ስቴም ሴሎችና አይፒኤስ ሴሎች፣ የራሳቸው ቀለሞች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሲንጋፖር የወጣው ሲዲዋይ1 ብርቱካናማ ወደ ቀይ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ኪዮቶ ፕሮብ 1፣ ባጭሩ ኬፒ-1፣ አሠራሩ በደንብ የተብራራ ስለሆነ ለማስተማርም ይመቻል። ኬፒ-1 ወደ ማንኛውም ሴል ይገባል፣ ማይቶኮንድሪያ ላይም ይከማቻል። የተለወጡት ሴሎች ኤቢሲቢ1 እና ኤቢሲጂ2 በተባሉ ፓምፖች መልሰው ያወጡታል። የሰው ፕሉሪፖተንት ሴሎች እነዚህ ፓምፖች በጣም ትንሽ ስለሆኑባቸው ቀለሙ ውስጣቸው ይቀራል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አገባቡ ሳይሆን አወጣጡ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ኋላ ስለ ሙቀት ስንናገር ይመጣል።

ለእነዚሁ ሴሎች ገጻቸው ላይ የሚጣበቁም አሉ። ትራ-1-60 እና ኤስኤስኢኤ-4 የተባሉት ምልክቶች ከውጭ ስለሚገኙ፣ ቀለም የተያያዘባቸው አንቲቦዲዎች ሕያው ሴል ላይ ይሠራሉ። ጃፓን ውስጥ የተሠራው አርቢሲ2ኤልሲኤን የተባለው ሌክቲን (ስኳርን የሚይዝ ፕሮቲን) ደግሞ ፖዶካሊክሲን በተባለው የሴል ገጽ ፕሮቲን ላይ ያለውን የስኳር ሰንሰለት ይይዛል፤ ሚዲየም ውስጥ ጨምሮ ሴሉን ሳይገድሉ ማየት ይቻላል።

የደም ስቴም ሴሎች ሌላ ዓለም ናቸው። እዚህ ዋናው ምልክት በሴሉ ገጽ ላይ ያለው ሲዲ34 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ከሲዲ45 እና የሞተን ሴል ከሚለየው 7-ኤኤዲ ጋር አብሮ ይነበባል። አልዴፍሉዎር የኢንዛይም ሥራን በመለካት ያግዛል። ዲኤንኤ ላይ የሚቀመጠው ሄክስት 33342 የተባለው ቀለም በፓምፑ ተቃራኒ መንገድ ነው የሚሠራው፦ እ.ኤ.አ. በ1996 በአይጥ መቅኔ ላይ እንደታየው የደም ስቴም ሴሎች ኤቢሲጂ2 ስላላቸው ሄክስትን ያወጣሉ፣ ደብዛዛ ሆነውም ይታያሉ። ያው ፓምፕ የፕሉሪፖተንቱን ሴል ባለመኖሩ፣ የደሙን ሴል በመኖሩ ይለያል። ኬፒ-1ን ለእምብርት ደም ማዘዝ ገንዘብ ማባከን የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሜሴንካይማል የሚባሉት፣ ከእምብርት ገመድ ወይም ከስብ የሚወጡት፣ በአንድ ቀለም አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው መስፈርት ሲዲ73፣ ሲዲ90 እና ሲዲ105 ቢያንስ 95% በሚሆኑት ሴሎች ላይ መታየት አለባቸው፤ እንደ ሲዲ45 እና ሲዲ34 ያሉት ደግሞ ከ2% መብለጥ የለባቸውም። በዚያ ላይ ፕላስቲክ ላይ መጣበቅና ወደ አጥንት፣ ወደ ስብና ወደ ልም አጥንት ሴል መለወጥ መቻል አለባቸው።

ላብራቶሪያችን ያለው ለቲቢ የምንጠቀምበት የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ነው። ይሠራል?

ለአረንጓዴ ቀለሞች፣ አዎ፣ በገደብ። ለቲቢው ቀለም፣ ለኦራሚን፣ የተሠራ የኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ እንደ ካልሲን ያለ ቀለም በጣም የሚነቃው 495 አካባቢ ስለሆነ ሙሉ ድምቀቱን ባያገኝም ይታያል። ፊልተሩ ከአንድ የሞገድ ርዝመት በላይ ያለውን ሁሉ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን አረንጓዴና ብርቱካናማን አንድ ላይ ያሳያል፤ ስለዚህ ሁለት ቀለም በአንድ ስላይድ ላይ ለመለየት አትሞክሩበት። ሄክስት አልትራቫዮሌት ወይም ቫዮሌት ብርሃን ይፈልጋል፤ በዚህ ማይክሮስኮፕ አይታይም።

ሁለተኛው ገደብ ቅርጹ ነው። የቲቢው ማይክሮስኮፕ ሌንሱ ከላይ ነው፤ ዲሽ ውስጥ ላለ ሴል ከታች የሚያይ ያስፈልጋል። መፍትሔው ሴሉን ኮቨርስሊፕ ላይ አሳድጎ፣ ቀለሙን ሰጥቶ፣ በስላይድ ላይ ገልብጦ በ10 ደቂቃ ውስጥ ማየት ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ሴሉ ይታፈናል፣ ይደርቃልም።

የሲዲ4 መቁጠሪያውስ?

በመሣሪያው ዓይነት ይወሰናል። ፋክስካውንትና ፋክስፕሬስቶ ለሲዲ4 ብቻ የተዘጉ ናቸው፤ ሌላ አንቲቦዲ ብታስገቡ የሚነበብ ነገር አይሰጡም። ፋክስካሊበር ከሆነ በ488 ናኖሜትር ሌዘሩ አልዴፍሉዎርንም ሲዲ34ንም ማንበብ ይችላል፤ አልትራቫዮሌት ሌዘር ስለሌለው ሄክስት ላይ ግን አይሠራም። ከማዘዛችሁ በፊት መሣሪያው ላይ የተለጠፈውን ስምና የሌዘሩን ቁጥር አንብቡ።

ከየትኛው ናሙና እንጀምር?

ከእምብርት ደም። አይፒኤስ ሴል ማሳደግ በየዕለቱ ሚዲየም መለወጥ፣ ውድ ሚዲየምና የማይቋረጥ መብራት ይጠይቃል። የእምብርት ደም ግን ከወሊድ በኋላ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚጣል ነው፣ በሲዲ34 ሴልም ከአዋቂ ደም እጅግ ይበልጣል። እናትየዋ አስቀድማ፣ ምጥ ሳይበረታባት፣ ተነግሯትና ገብቷት መፍቀድ አለባት፤ የተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም ማጽደቅ አለበት። «የሚጣል ነው» የሚለው ፈቃድን አይተካም።

ደሙ ፀረ-ርጋት ባለበት ከረጢት ወይም ቱቦ ይያዛል፣ በክፍል ሙቀት ይቀመጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሠራበታል። ፒቢኤስ ከተባለው የጨው ባፈር ጋር እኩል ይቀላቀልና ሴሎችን በክብደት በሚለየው፣ መጠነ እፍጋቱ 1.077 በሆነ ፊኮል ላይ ቀስ ተብሎ ይደረባል፤ በ400 ጂ ለ30 ደቂቃ፣ ብሬኩ ጠፍቶ ይሽከረከራል። ፊኮሉን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትጠቀሙ። ያ 1.077 የሚባለው ቁጥር በ20 °ሴ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ሽፋኖቹም በደንብ አይለዩም። ደሴ ላይ በክረምት ጠዋት ክፍሉ ራሱ ከ20 በታች ስለሚሆን፣ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ በቴርሞሜትር አረጋግጡ።

ሴንትሪፉጃችሁ ጂ ሳይሆን ዙር በደቂቃ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ከመሽከርከሪያው መሐል እስከ ቱቦው ጫፍ ያለውን ርቀት ለኩ። 16 ሴንቲሜትር ከሆነ 400 ጂ ማለት 1,500 ዙር፣ 250 ጂ ማለት 1,180 ዙር አካባቢ ነው።

የእምብርት ደም ኒውክሊየስ ያላቸው ቀይ የደም ሴሎች አሉት፤ እነሱ ከነጮቹ ጋር መሐለኛው ሽፋን ላይ ይቀመጣሉ። ሽፋኑ ሮዝ መልክ ካለው በአሞኒየም ክሎራይድ ለ10 ደቂቃ አሟሟቸው፣ ሁለቴ እጠቡ።

አልዴፍሉዎር ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ደረቁ ሪኤጀንት ይነቃል። 25 ማይክሮ ሊትር ዲኤምኤስኦ (ቀለም የሚሟሟበት ፈሳሽ) ጨምራችሁ 1 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ታቆያላችሁ፤ ብርቱካናማ ቀይ የነበረው መልኩ ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል። 25 ማይክሮ ሊትር 2 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትጨምሩና 15 ደቂቃ ታቆያላችሁ። ከዚያ 360 ማይክሮ ሊትር የኪቱን ባፈር። ይህን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ −20 °ሴ አስቀምጡ፤ ደጋግሞ ማቅለጥ ያበላሸዋል።

ሴሎቹን በትራይፓን ብሉ ቁጠሩ፤ 1 ሚሊ ሊትር ባፈር ውስጥ 1 ሚሊዮን እንዲሆኑ አድርጉ። ሁለት ቱቦ አዘጋጁ፣ «ምርመራ» እና «ኮንትሮል» ብላችሁ ጻፉባቸው። ኮንትሮሉ ውስጥ 5 ማይክሮ ሊትር ዲኢኤቢ ጨምሩ። ዲኢኤቢ ኢንዛይሙን የሚያግድ ነው፤ የተሟሟው በኤታኖል ስለሆነ ይተናል፣ ከፍታ ባለበት ስፍራ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጨምራችሁ ወዲያው ክደኑት፣ ብልቃጡንም እንዲሁ።

አሁን ፍጥነት ያስፈልጋል። ምርመራው ቱቦ ውስጥ ላለው 1 ሚሊ ሊትር ሴል 5 ማይክሮ ሊትር የነቃ ሪኤጀንት ጨምሩ፣ አዋሕዱ፣ ከዚያው ላይ ግማሹን፣ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ወደ ኮንትሮሉ አዛውሩ። ቀለሙ ሴሉ ውስጥ ሲገባ ኢንዛይሙ ወዲያው ይጀምራል፤ አንድ ደቂቃ ከዘገያችሁ ኮንትሮሉ ማገጃው ሳይደርስበት አብርቶ ይጠብቃችኋል። ሁለቱንም በ37 °ሴ ለ30 እስከ 60 ደቂቃ አቆዩ። በእምብርት ደም ላይ የተሻለውን ደቂቃ በመጀመሪያው ናሙና ፈትናችሁ ወስኑ፣ ከዚያ አትቀያይሩት።

በ250 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩ፣ ፈሳሹን ድፉ፣ በ0.5 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የኪቱ ባፈር መልሳችሁ በበረዶ ላይ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በብርድና በዚያው ባፈር ነው፤ ባፈሩ ፓምፖቹን የሚያግድ ነገር አለበት። ፒቢኤስ ከተካችሁበት ቀለሙ ይወጣል፣ ብርሃኑም እያያችሁት ይከስማል።

ንባቡ ሲጀመር የበራውን ሴል ካልበራው የሚለየው ወሰን የሚቆረጠው በኮንትሮሉ ነው፤ ኮንትሮሉ ውስጥ ምንም ያህል ሴል የማይገባበትን ቦታ መርጣችሁ፣ ሳትነኩት ምርመራውን አንብቡ።

ኪቱ ውድ ነው፤ ኮንትሮሉን ትተን ብዙ ናሙና ብንሠራስ?

አይሆንም። ኮንትሮል የሌለው ቱቦ የሚያሳየው ሴሎቹ መብራታቸውን እንጂ ለምን እንደበሩ አይደለም። ሪኤጀንት ካነሰ ናሙና ቀንሱ። የፓምፕ ቀለሞችም እንዲሁ ናቸው፦ ለሄክስት ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሞላር ቬራፓሚል የተጨመረበት ቱቦ ያስፈልጋል። ፓምፑ ሲታገድ ደብዛዛው ክፍል ከጠፋ ያየነው ፓምፑን ነበር፤ ካልጠፋ ያ ክፍል ምናልባት የሞተ ሴል ወይም ብናኝ ነው።

ሁሉም ሴል አበራ። ምን ተበላሸ?

በኬፒ-1 ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ብርድን ነው። ፓምፖቹ ጉልበት የሚፈልጉ ናቸው፣ ሥራቸውም በ37 °ሴ ነው። ማጠቢያ ሚዲየሙ ከፍሪጅ ወጥቶ ቀጥታ ከተጨመረ፣ ወይም ዲሹ 16 ዲግሪ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ፣ የተለወጡትም ሴሎች ቀለሙን ማውጣት ያቆማሉ፤ ሁሉም እኩል ያበራል። ማጠቢያውን በ37 አሙቁ፣ ካጠባችሁም በኋላ ዲሹን ወደ ኢንኩቤተር መልሳችሁ የቀለሙ መመሪያ የሚለውን የማውጫ ጊዜ ስጡት። ከአልዴፍሉዎር ጋር ትእዛዙ ተቃራኒ መሆኑን ልብ በሉ፦ እዚያ ብርድ፣ እዚህ ሙቀት። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚሠራ ሰው ይህን ግድግዳው ላይ ይለጥፈው።

ቀጥሎ ሚዲየሙ ውስጥ ፓምፕ የሚያግድ መድኃኒት እንዳለ እዩ፤ ቬራፓሚልና ሳይክሎስፖሪን ሁለቱም ያግዳሉ። ቀጥሎ የቀለሙን መጠን። ቀጥሎ የሞቱ ሴሎችን፦ የሞተ ሴል ብዙ ቀለም ሳይመርጥ ይይዛል፣ ስለዚህ 7-ኤኤዲ ወይም በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ጨምራችሁ የቀዩን ከቁጥር አውጡ። በመጨረሻ ካሜራውን። ካሜራው በራሱ ብርሃን የሚያስተካክል ከሆነ ጨለማውንም ወደ ብሩህ ይለውጠዋል፤ የብርሃን መቀበያ ጊዜውን በእጅ ቁረጡት፣ ለሁሉም ዲሽ አንድ ይሁን።

አንዳንዴ የሚያበራው ቀለሙ አይደለም። የሚዲየሙ ፌኖል ሬድና የሴሉ የራሱ ፍላቪን አረንጓዴው አካባቢ ያበራሉ። ቀለም ያልነካው ዲሽ ሁልጊዜ ይኑራችሁ፤ በምታዩበት ጊዜም ፌኖል ሬድ የሌለው ፈሳሽ ተጠቀሙ።

ምንም ሴል አላበራምስ?

ፊልተሩን እዩ፣ ከዚያ ሌላውን። በአልዴፍሉዎር ላይ ቀይ የደም ሴሎች ከቀሩ፣ እነሱም ኢንዛይሙ ስላላቸው ቀለሙን ይሻማሉ፤ ሴሉም ከሚሊዮን በላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። ሴል ውስጥ ገብቶ በኢንዛይም ሲቆረጥ አረንጓዴ ለሚያበራው ካልሲን-ኤኤም ሴረም ጠላት ነው፦ ሴረም ውስጥ ያለው ኢስተሬዝ ሴሉ ውስጥ ሳይገባ ከውጭ ይቆርጠዋል፣ ፈሳሹ አረንጓዴ ሆኖ ሴሉ ጨለማ ይሆናል። የቀረው ዲኤምኤስኦው ነው፤ እሱ ለብቻው መልስ ይገባዋል።

ቀለሙ የተሟሟበት ዲኤምኤስኦ ጠረጴዛ ላይ እያለ ጠጠረ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ዲኤምኤስኦ የሚረጋው 18.5 °ሴ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ የሚውለው ቱቦ፣ በዚያው ቀን ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ሆኖ ይጠጥራል።

አደጋው ግማሹ ሲቀልጥ ነው። ቱቦውን በጣት ሲያሞቁት ዳር ዳሩ ይቀልጣል፣ መሐሉ ላይ ትንሽ የረጋ ፍሬ ይቀራል። ቀለሙ እኩል አልተከፋፈለም። ከዚያ የተቀዳ 1 ማይክሮ ሊትር አንድ ቀን ብዙ ቀለም፣ ሌላ ቀን ጥቂት ይይዛል፤ ውጤቱ ሲለዋወጥ ሰው ሴሉን ይወቅሳል። ቱቦውን በ37 °ሴ ለ5 ደቂቃ አሙቁ፣ ብርሃን ላይ አንስታችሁ ምንም ፍሬ አለመቅረቱን እዩ፣ አዋሕዱ፣ በአጭሩ አሽከርክሩ፣ ከዚያ ቅዱ። ዲኤምኤስኦ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ ሳይሞቅ አይከፈት፤ ከ−20 ወጥቶ ወዲያው የተከፈተ ቱቦ ውሃ ይጠጣል።

ማቅጠኑም በሁለት ደረጃ ይሁን። 1 ሚሊ ሞላር ካለው ዋና ቀለም 10 ማይክሮ ሊትር ወደ 990 ማይክሮ ሊትር ለብ ያለ ሚዲየም፤ 10 ማይክሮ ሞላር ሆነ። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር ወደ 9 ሚሊ ሊትር፤ 1 ማይክሮ ሞላር ሆነ፣ ዲኤምኤስኦውም 0.1% ላይ ቆመ። ቀለሙን ቀዝቃዛ ሚዲየም ላይ ቀጥታ ከጣላችሁት ሊዘቅጥ ይችላል፤ ያኔ ሴሎቹ መሐል ኮከብ የመሰሉ ደማቅ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። እነዚያ ሴል አይደሉም።

ኢንኩቤተሩ 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ነው፣ ሚዲየሙ ግን ወይን ጠጅ እየሆነ ነው። ለምን?

ከፍታው ነው። 5% የሚለው ልማድ የመጣው ከባሕር ወለል አካባቢ ነው። የሚዲየሙን አሲድነት የሚወስነው መቶኛው ሳይሆን የጋዙ ግፊት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየር ግፊቷ የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ እውነተኛ 5% እዚህ የሚሰጠው ግፊት 28 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፣ ባሕር ወለል ላይ ግን 38። ፒኤቹ በ0.13 ያህል ይወጣል፤ ስቴም ሴል ይህን ይሰማዋል፣ ፒኤች የሚነካቸው ቀለሞችም ብርሃናቸው ይለወጣል።

ሒሳቡ ለደሴ ከ6.5 እስከ 7%፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላለችው ኮምቦልቻ ከ6 እስከ 6.5% ይሰጣል። ነገር ግን ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት የመለኪያውን ዓይነት እወቁ። ኢንፍራሬድ የሚጠቀም ሴንሰር የጋዙን ሞለኪውል ብዛት ስለሚያይ፣ ባሕር ወለል ላይ የተስተካከለ ከሆነ «5%» ሲል ትክክለኛውን ግፊት ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም የከፍታ ማስተካከያ አለው። የመጨረሻው ዳኛ ሚዲየሙ ነው፦ ሴል የሌለበት ዲሽ ሌሊቱን አሳድሩ፣ ጠዋት እንዳወጣችሁ ፒኤቹን ለኩ፤ ከ7.2 እስከ 7.4 እስኪሆን አስተካክሉ።

ያው ከፍታ አውቶክሌቩንም ይነካል። በጌጅ ብቻ የሚሠራ አውቶክሌቭ ደሴ ላይ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 116 °ሴ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ 19 ፒኤስአይ ያህል ይፈልጋል። ዕቃው ያን ግፊት እንደሚችል ከመመሪያው ካላረጋገጣችሁ ግፊቱን አትጨምሩ፤ ጊዜውን አርዝማችሁ በባዮሎጂካል ኢንዲኬተር ፈትሹ።

ቀለምና አንቲቦዲ ከአዲስ አበባ እንዴት ይምጣ?

ደረቅ ዱቄት ቀለም ብርሃን ካልነካውና እርጥበት ካልገባበት መንገዱን በደህና ይችላል። ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ ግን ከ2 እስከ 8 °ሴ ይፈልጋል፤ መሞቁን ብቻ ሳይሆን መርጋቱንም ፍሩ። ፒኢ የተባለው ቀለም ፕሮቲን ነው፣ አንዴ ከረጋ ብርሃኑ ይደክማል። ስለዚህ የበረዶ ከረጢቱ ጠርሙሱን እንዳይነካ በመሐላቸው ካርቶን ወይም ወፍራም ጨርቅ ይግባ። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ የሚያርፍ ከሆነ ተቀባዩ አየር ማረፊያው ላይ ይጠብቅ፤ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ የሚቆምባት ሰዓት ከበረራው ይልቅ ትጎዳለች።

መብራት ሲጠፋስ?

ኢንኩቤተሩን አትክፈቱ። ቀለም ሰጥታችሁ ማቆያ ላይ ሳላችሁ ከጠፋና ሙቀቱ ከወረደ ያን ዙር ጣሉት፤ የፓምፕም የኢንዛይምም ንባብ ሙቀቱ ከተቋረጠ አይታመንም። አልዴፍሉዎር በረዶ ላይ ከደረሰ በኋላ ከሆነ የጠፋው፣ ለጊዜው ችግር የለም።

ቀለሙ ራሱ ሴሉን አይጎዳውም?

ይለያያል። ሄክስት ዲኤንኤ ላይ ስለሚቀመጥና አልትራቫዮሌት ስለሚፈልግ፣ መልሶ ለማሳደግ የታሰበ ሴል ላይ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። ኬፒ-1 እና ሲዲዋይ1 በትንሽ መጠን ሲሰጡ ሴሉ ማደጉን ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን ብርሃኑ ነው። የነቃ ቀለም ኦክስጅንን ወደ ጎጂ መልክ ይለውጣል፤ ሻተሩ ክፍት ሆኖ ስለ ምስሉ እየተነጋገሩ ሴሉ ይሞታል። ትኩረቱን በተራ ብርሃን አስተካክሉ፣ ፍሎረሰንሱን ለፎቶው ብቻ ክፈቱ፣ ሲያልቅ ዝጉ። ቀለም የነካውና ያልነካው ዲሽ ከሁለት ቀን በኋላ ተቆጥረው ቢወዳደሩ ጉዳቱ በቁጥር ይታያል።

ዘመዴ ስኳር በሽታ አለበት፤ በዚህ ዘዴ ስቴም ሴል ማግኘት ይችላል?

ይህ ዘዴ የመለያ እንጂ የሕክምና አይደለም። በስቴም ሴል ለረጅም ዘመን ተሞክሮ የጸናው ሕክምና ለደም ካንሰርና ለአንዳንድ የደም በሽታዎች የሚደረገው የመቅኔና የደም ስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ነው። ለስኳር፣ ለጀርባ ሕመም፣ ለዓይን በአንድ መርፌ እንፈውሳለን እያለ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የዘመዳችሁን ኢንሱሊን ግን በምንም ምክንያት አታቋርጡ።

የተጠቀምንበት ቀለምና ደም የት ይወገድ?

የሰው ናሙና የነካው ሁሉ እንደ ተላላፊ ይቆጠራል፦ ፈሳሹ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት 0.5% እንዲሆን በረኪና ተጨምሮበት 30 ደቂቃ ይቆያል። አሞኒየም ክሎራይድ ያለበትን ማሟሟያ ግን በረኪና ውስጥ አትድፉ፣ ክሎራሚን የተባለ ጎጂ ጋዝ ይወጣል፤ እሱ ለብቻው በአውቶክሌቭ ይለፍ። ሄክስት፣ 7-ኤኤዲ እና ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ዲኤንኤ ላይ ስለሚጣበቁ ያልቀጠነው ዋና ፈሳሻቸው መታጠቢያ ውስጥ አይደፋም፤ ስሙ በተጻፈበት ጠርሙስ ተጠራቅሞ በተቋሙ የኬሚካል ቆሻሻ መንገድ ይሂድ። ዲኤምኤስኦ የነካው ጓንት ወዲያው ይለወጥ፦ ዲኤምኤስኦ በቆዳ ያልፋል፣ የያዘውንም ይዞ ይገባል።